የ1979ኙ የአይቲቪ አድማና የክልል ጣቢያዎች የ75 ቀን ዝምታ

ለመመረቂያ ጽሑፍዎ የብሪታንያን የክልል ቴሌቪዥኖች ዜና ሲያገላብጡ፣ እ.ኤ.አ. ከኦገስት እስከ ኦክቶበር 1979 ባለው ጊዜ የአይቲቪ ጣቢያዎች መዝገብ ባዶ ሆኖ እንዳገኙትና ምክንያቱም አድማ እንደሆነ እንደተነገርዎት ጽፈዋል። ከዚያም ሦስት ነገር ጠይቀዋል፤ የቴክኒክ ሠራተኞች ብቻቸውን ያን ያህል ትልቅ ስርጭት ሊያቆሙ የቻሉት እንዴት ነው? በክልል ጣቢያዎቹ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በእነዚያ ሳምንታት ምን ላይ ነበሩ? በጀርሲ ደሴት ያለው ቻናል ቴሌቪዥን ብቻውን ሳይዘጋ የቀረውስ ለምንድን ነው? የምመልስልዎት በስርጭት መቆጣጠሪያ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታትና ከዚያ ወዲህ የብሮድካስት ሠራተኞችን ታሪክ ሳጠና ካወቅሁት ተነሥቼ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አይቲቪ አንድ ጣቢያ እንዳልነበረ ልብ ይበሉ። በ1955 በለንደን ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እያንዳንዱ የአገሪቱ ክፍል የራሱ የንግድ ቴሌቪዥን ኩባንያ እንዲኖረው ታስቦ የተዋቀረ ኅብረት ነበር፤ በ1979 አሥራ አምስት ኩባንያዎች ነበሩት። የለንደንን ስርጭት ቴምስ በሥራ ቀናት፣ ለንደን ዊክኤንድ ቴሌቪዥን ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ ይዘውት ነበር። እነዚህ ሁለቱ ከማንቸስተሩ ግራናዳ፣ ከበርሚንግሃሙ ኤቲቪና ከሊድሱ ዮርክሻየር ቴሌቪዥን ጋር ሆነው በመላው አገር የሚታየውን አብዛኛውን ድራማና መዝናኛ ያዘጋጃሉ። የቀሩት አሥሩ፣ ለምሳሌ አንግሊያ በኖሪች፣ ዌስትዋርድ በፕሊመዝ፣ ቦርደር በካርላይል፣ ግራምፒያን በአበርዲን፣ አልስተር በቤልፋስት፣ ከአምስቱ የሚመጣውን ተቀብለው እያስተላለፉ የአካባቢያቸውን ዜናና ጥቂት የራሳቸውን ዝግጅት ይጨምሩበታል። ብሔራዊውን ዜና የሚያቀርበው ኩባንያዎቹ በጋራ ያቋቋሙት አይቲኤን ነው። የማሰራጫ ማማዎቹ ደግሞ የኩባንያዎቹ ንብረት ሳይሆኑ፣ ፈቃድ በሚሰጠውና በሚቆጣጠረው ባለሥልጣን፣ በአይቢኤ፣ እጅ ነበሩ።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ ያለው የአንድ ክልል ጣቢያ ዜና ከቦታው ተነሥቶ ስክሪን ላይ እስኪደርስ በሚያልፍባቸው እጆች ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው የክልል ዜና የሚነሣው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር። ከሪፖርተሩ ጋር ካሜራማን፣ የካሜራ ረዳትና የድምፅ ባለሙያ ይወጣሉ፤ ቀረጻው መብራት የሚፈልግ ከሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጨመራል። ፊልሙ ወደ ጣቢያው በጥድፊያ ተልኮ ይታጠባል፣ የፊልም አርታኢው ይቆርጠውና ይቀጥለዋል፣ ከዚያም ፊልሙን ወደ ቴሌቪዥን ምስል በሚለውጠው መሣሪያ ላይ ይጫናል። ስቱዲዮ ውስጥ የካሜራ፣ የድምፅ፣ የመብራትና የምስል መራጭ ባለሙያዎች ይጠብቃሉ። በመጨረሻም ሁሉም ነገር፣ ከለንደን የሚመጣው ፕሮግራምም፣ የአካባቢው ማስታወቂያም፣ የአስተዋዋቂዋ ፊትም፣ በዋናው የስርጭት መቆጣጠሪያ ክፍል በኩል ያልፋል። በዚያ ክፍል ውስጥ በአንድ ፈረቃ የሚቀመጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። እነርሱ ከወንበራቸው ከተነሡ ከዚያ በፊት የተደከመበት ሁሉ ከሕንፃው አይወጣም።

በዚህ ላይ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ባለቤት ነበረው። ሪፖርተሩ የመብራት ማብሪያ አይነካም፤ ካሜራማኑ የድምፅ መቅጃውን አይከፍትም፤ የፊልም አርታኢው የቪዲዮ ቴፕ መሣሪያ ላይ አይቀመጥም። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ይህ ግትርነት ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን እንዲያ ብሎ መዝጋት ትክክል አይመስለኝም። ከቴክኒክ ማኅበራቱ ዋነኛው፣ ኤሲቲቲ፣ በ1933 የተመሠረተው የፊልም ስቱዲዮ ሠራተኞች መጨረሻው በማይታወቅ የሥራ ሰዓትና ዋስትና በሌለው ቅጥር በሚማረሩበት ዘመን ነው። ለአንድ ሥራ ስንት ሰው እንደሚመደብ በስምምነት ማስጻፍ ከዚያ ልምድ የተወረሰ መከላከያ ነበር። የማኅበሩ አባል ያልሆነ ሰው በቴክኒክ ሥራ እንዳይቀጠር የሚያደርገው አሠራር ሲታከልበት፣ ማኅበሩ አባላቱን ከሥራ ባስወጣ ጊዜ በእነርሱ ቦታ ሊቀመጥ የሚችል የሠለጠነ እጅ በጣቢያው ውስጥ አይገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠቡ በአንድ ጣቢያ ብቻ የተነሣ ቢሆን ጉዳቱ እንደ ጣቢያው መጠን ይለያይ ነበር፤ ቦርደር ቢዘጋ የሚያጣው የቦርደር ተመልካች ነው፣ ዮርክሻየር ቢዘጋ ግን መላው አገር አንድ የድራማ ምንጭ ያጣል። የ1979ኙ ክርክር ግን ኩባንያዎቹ በጋራ ማኅበራቸው በኩል ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጋር በሚያደርጉት አገር አቀፍ የደመወዝ ድርድር ላይ የተነሣ በመሆኑ፣ ትልቁም ትንሹም ጣቢያ በአንድ ገመድ ታስሮ ነበር።

የክርክሩ መነሻ ገንዘብ ነው። ኩባንያዎቹ ያቀረቡት ጭማሪ 9 በመቶ ሲሆን፣ ኤሲቲቲ፣ የመድረክና የአልባሳት ሠራተኞችን ጭምር የሚያቅፈው ናትኪና የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ ማኅበር አልተቀበሉትም። በዚያ ዓመት የብሪታንያ የዋጋ ንረት በአማካይ 13.4 በመቶ ነበር፤ በጁን ወር ደግሞ አዲሱ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ8 ወደ 15 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ከዚያ ቀደም የነበረው የሌበር መንግሥት ጭማሪ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ያወጣው መመሪያ ከ1978 መጨረሻ እስከ 1979 መጀመሪያ ባለው የብርድ ወቅት በተነሡት አድማዎች ፈርሷል። ስለዚህ 9 በመቶ ለሠራተኛው ጭማሪ አልነበረም፤ የመግዛት አቅሙን የሚቀንስ ሐሳብ ነበር።

ኩባንያዎቹ ይህን ያህል የጸኑት፣ ሠራተኛውም ይህን ያህል የታገሠው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ጸሐፊዎች የሚዘሉት አንድ የግብር ጉዳይ አለ። የማስታወቂያ ቴሌቪዥን በየክልሉ ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ የስኮትላንዱን ጣቢያ የያዘው ሮይ ቶምሰን ፈቃዱን ገንዘብ ከማተም ፈቃድ ጋር ማመሳሰሉ የታወቀ ነው። መንግሥትም ድርሻውን ይወስድ ስለነበር፣ ከ1974 ጀምሮ ኩባንያዎቹ ከተወሰነ መጠን በላይ ከሚያገኙት ትርፍ 66.7 በመቶውን በልዩ ክፍያ ለግምጃ ቤት ያስገባሉ፤ ከተረፈው ላይ ደግሞ 52 በመቶ የኩባንያ ግብር አለ። ያስሉት፤ አንድ ትርፋማ ኩባንያ ለደመወዝ 1 ፓውንድ ቢጨምር ከባለአክሲዮኖቹ ድርሻ የሚቀነሰው 16 ፔኒ ገደማ ብቻ ነው። ሠራተኛው ይህን ያውቅ ስለነበር «የላቸውም» የሚለው መልስ አያሳምነውም። በሌላ በኩል ግን በአድማው ምክንያት ከሚጠፋው እያንዳንዱ ፓውንድ ትርፍም አብዛኛው የግምጃ ቤቱ ነበር፤ ስለዚህ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለረጅም ጊዜ መዘጋትን መቋቋም ይችሉ ነበር። ሁለቱም ወገን የሚደገፍበት ትራስ ስለነበረው ግጭቱ ረዘመ።

በየጣቢያው የጀመረው ሥራ ማቆም ተስፋፍቶ በኦገስት 10 ከቻናል ቴሌቪዥን በቀር አይቲቪ በሙሉ ቆመ። ማሰራጫዎቹ ግን አልጠፉም። የማማዎቹ ሠራተኞች የአይቢኤ ተቀጣሪዎች እንጂ የክርክሩ ወገን ስላልነበሩ፣ ተመልካቹ አይቲቪን ሲከፍት የሚያገኘው ፕሮግራም በሥራ ክርክር ምክንያት እንደተቋረጠ የሚገልጽና ይቅርታ የሚጠይቅ ጽሑፍ ነበር። ያ ጽሑፍ፣ በአጭር ጊዜ ስሕተት ብቻ እንዲታይ የሚዘጋጅ ዓይነት ጽሑፍ፣ 75 ቀን ቆየ።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ ደረስን፤ ከሦስቱ ጥቂት የተጻፈበትም ይኸኛው ነው። አድማ ላይ የወጣው ሠራተኛ ደመወዝ አያገኝም። በ1975ቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ መሠረት በሥራ ቦታው በተነሣ የሥራ ክርክር ተካፋይ የሆነ ወይም በውጤቱ በቀጥታ የሚጠቀም ሰው የሥራ አጥ ድጎማ አይሰጠውም፤ ለሚስቱና ለልጆቹ ግን በችግር መጠን የሚሰጥ ተጨማሪ ድጎማ መጠየቅ ይቻል ነበር። (በ1980 በወጣው ሕግ ከዚህም ላይ፣ ማኅበሩ ለአድማው ከፈለም አልከፈለ፣ በሳምንት 12 ፓውንድ እንደ ተከፈለ ተቆጥሮ መቀነስ ተጀመረ።) የተቀረው በቁጠባ፣ በዘመድና በትዳር አጋር ደመወዝ የሚሸፈን ነበር።

እዚህ ላይ በለንደኑና በክልሉ ሠራተኛ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። በለንደን ያለ ካሜራማን ወይም አርታኢ በዙሪያው የፊልም ስቱዲዮዎች፣ የማስታወቂያ ፊልም ሠሪዎችና የማጠቢያ ቤቶች ስላሉ አልፎ አልፎ የቀን ሥራ ሊያገኝ ይችላል። በካርላይል ወይም በአበርዲን ያለው ግን ሙያውን የሚሸጥለት ቀጣሪ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ደጁን ዘግቷል። በተጨማሪም የክልል ጣቢያ ሠራተኛ ተመልካቹን የሚያውቀው በቁጥር ሳይሆን በፊት ነው። ጎረቤቱ፣ የልጁ አስተማሪ፣ ገበያ የሚያገኘው ሰው ሁሉ «መቼ ትመለሳላችሁ?» ይለዋል፤ በከተማው ሁሉ ፊቷ የሚታወቀውን አስተዋዋቂ ደግሞ ከማንም በላይ ይጠይቋታል፣ እርሷ የተዋንያን ማኅበር አባል እንጂ ከሦስቱ ማኅበራት የአንዱም ባትሆንም።

በጣቢያው ውስጥ የክርክሩ ወገን ያልሆኑ ሰዎችም ነበሩ። የማስታወቂያ ሻጮቹ የሚሸጡት የአየር ጊዜ አልነበራቸውም። በብሔራዊው የጋዜጠኞች ማኅበር ያሉ ሪፖርተሮች የራሳቸው ክርክር ባይኖራቸውም፣ ዜና ቢያገኙ የሚያነሣ ካሜራ፣ የሚያጥብ እጅና የሚያስተላልፍ ክፍል አጠገባቸው የለም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ጋዜጠኛ ሕሊናው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ከማን ጋር እንደሚቆም ያውቃል፤ ነገ በመኪና ከእርሱ ጋር የሚወጣው ካሜራማን ዛሬ ለአድማው በር ላይ ቆሟልና። ሥራው ደግሞ የሚያልፍ ነገርን መያዝ ነው፤ ያለፈው ነገር አይመለስም።

በእነዚያ ሳምንታት ያለፈውን ይመልከቱ። በኦገስት 11፣ ስርጭቱ ከቆመ በማግስቱ፣ 303 ጀልባዎች የፋስትኔትን የባሕር ላይ ውድድር ከካውዝ ጀመሩ። በ13 ሌሊትና በ14 የተነሣው ማዕበል ጀልባዎቹን በታተናቸው፤ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሮቹ የሚነሡት በኮርንዎል ካለው ከኩልድሮዝ የባሕር ኃይል ሰፈር ሲሆን፣ የውድድሩ መጨረሻም ፕሊመዝ ነበረች። ሁለቱም ዌስትዋርድ የሚሸፍነው ክልል ናቸው፤ የጣቢያው ስቱዲዮም በዚያው በፕሊመዝ ከተማ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በኦገስት 27፣ የንጉሣዊው ቤተሰብ ዘመድ ሎርድ ማውንትባተን በአየርላንድ ሪፐብሊክ በስላይጎ አውራጃ ሙላግሞር ላይ በጀልባው ውስጥ በተቀበረ ቦምብ ተገደሉ፤ በዚያው ቀን በሰሜን አየርላንድ ዋረንፖይንት አጠገብ 18 የብሪታንያ ወታደሮች ሞቱ። አልስተር ቴሌቪዥን በዚያ ቀን የሚያሳየው ጽሑፉን ብቻ ነበር። በሴፕቴምበር 29 ደግሞ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ አየርላንድ ገቡ፤ ከሰሜኑ ወሰን ብዙም በማትርቀው በድሮዳም ሰላምን እየለመኑ ሰበኩ።

ሕዝቡ ዜናውን አላጣም፤ ቢቢሲ በሥራ ላይ ነበር፣ በፕሊመዝም በቤልፋስትም የራሱ የዜና ክፍል ነበረው። የቀረው ሁለተኛው ድምፅ ነው። ለእኔ የዚህ አድማ ከባዱ ኪሳራ ይህ ነው፤ ስለ ማስታወቂያው ገቢ ብዙ የተጻፈውን ያህል ስለዚህ አልተጻፈም። ያልተሠራ ድራማ በሚቀጥለው ዓመት ሊሠራ ይችላል። የሌላ አገር ፊልም ተገዝቶ ክፍተት ሊሞላ ይችላል። የኦገስት 14 ጠዋት ፕሊመዝ ወደብ ላይ ዘመዶቻቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ፊት ግን በዌስትዋርድ ካሜራ ለዘላለም አልተነሣም። እርስዎ መዝገቡ ውስጥ ያገኙት ባዶ ቦታ ይኸው ነው። ይህን ስል ሠራተኞቹን ለመክሰስ አይደለም፤ ክርክሩን በሳምንት ሊጨርሱት የሚችሉ ሰዎች በጠረጴዛው በሁለቱም ወገን ነበሩ፣ የአካባቢው ዜና ግን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ወኪል አልነበረውም።

ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ የቻናል ቴሌቪዥን ጉዳይ፣ ከላይ ካልኩት ይከተላል። ቻናል በሴፕቴምበር 1962 ሥራ የጀመረ፣ ጀርሲን፣ ገርንዚንና ትንንሾቹን ደሴቶች የሚያገለግል ከአሥራ አምስቱ ሁሉ ትንሹ ኩባንያ ነበር፤ የተመልካቹ ሕዝብ በጠቅላላው ወደ 130 ሺህ ቢጠጋ ነው። ትልልቆቹ የተደገፉበት ትራስ ለእርሱ አልነበረውም። ሳምንታት ያለ ማስታወቂያ ቢቆይ ኩባንያው እንደሚከስር ሠራተኞቹም ስለተረዱት ሥራቸውን ቀጠሉ። ይህ ከማኅበር መክዳት ተደርጎ ሲነገር ብሰማም አልስማማበትም፤ አድማ የሚያስገድደው ሊከፍል የሚችል አሠሪን ነውና፣ የሚከፍለው የሌለውን መዝጋት ሥራውን ራሱን መዝጋት ነው። ይሁን እንጂ መቀጠሉ ቀላል አልነበረም። ቻናል ከሚያሳየው አብዛኛው ከብሪታንያ ዋና ምድር የሚመጣ ስለነበር፣ ያ ሲቋረጥ የአየር ሰዓቱን በፊልሞች፣ ከውጭ በተገዙ ዝግጅቶችና በራሱ የአካባቢ ፕሮግራሞች መሙላት ነበረበት። በዚያን ጊዜ በአይቲቪ ውስጥ የአካባቢ ዜና ያለው ብቸኛ ሕዝብ የደሴቶቹ ነዋሪ ነበር።

ምናልባት «አስተዳዳሪዎቹ ራሳቸው ለምን አላሰራጩትም?» የሚል ጥያቄ ይመጣብዎት ይሆናል፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ተደርጎ ነበር። በኦገስት 1968፣ አዲሶቹ ፈቃዶች ሥራ ላይ በዋሉበት ሰሞን ቴክኒሻኖች ሥራ ሲያቆሙ፣ የኩባንያዎቹ ኃላፊዎች ከለንደን ከአንድ መቆጣጠሪያ ክፍል ለመላው አገር የሚተላለፍ የአደጋ ጊዜ ስርጭት አካሂደዋል። ያ ስርጭት ክልል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሁሉም አንድ ነገር ያይ ነበር። በሌላ ጊዜ ደግሞ ትግሉ ከፊል ብቻ ነበር፤ ከኖቬምበር 1970 እስከ ፌብሩዋሪ 1971 ቴክኒሻኖቹ በባለ ቀለም መሣሪያ ለመሥራት ተጨማሪ ክፍያ ስለጠየቁ ፕሮግራሞች በጥቁርና ነጭ ተሠሩ። በ1979 ኃላፊዎቹ የ1968ቱን ያልደገሙት፣ በእኔ ግምት፣ ስርጭቱ በጥቂት ኃላፊዎች እጅ የማይገፋ ውስብስብ ስለሆነና በኋላ አብረዋቸው ከሚሠሩት ሰዎች ጋር ሊጠገን የማይችል ቁርሾ ስለፈሩ ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ ግን ሚዛኑ ተለወጠ። በኖቬምበር 1987 የጠዋቱ ጣቢያ የቲቪ-ኤኤም ቴክኒሻኖች የ24 ሰዓት አድማ ሲያደርጉ አሠሪው በሩን ዘጋባቸው፤ ኃላፊዎችና ጸሐፊዎች ካሜራ ይዘው፣ የቆዩ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልሞች እየደጋገሙ፣ ስርጭቱን አስቀጠሉ፤ በፌብሩዋሪ 1988 ቴክኒሻኖቹ፣ 229 ሰዎች፣ ተሰናበቱ። በመካከሉ የአድማ ሕጉ ጠብቋል፤ ቀላል የቪዲዮ ካሜራም ፊልሙን፣ ማጠቢያውንና ከካሜራው ጋር ይወጡ ከነበሩት እጆች ግማሹን አላስፈላጊ አድርጓቸዋል።

የ1979ኙ አድማ የተፈታው ከ9 በመቶው በእጅጉ በላቀ ስምምነት ሲሆን፣ ስርጭቱ በኦክቶበር 24፣ በአገሩ ሰዓት ከቀትር በኋላ 5፡45 ላይ፣ በአይቲኤን ዜና ተመለሰ። ከአራት ቀን በፊት አንድ የቢቢሲ የሳይንስ ልብወለድ ድራማ 16.1 ሚሊዮን ሰው አይቶት ነበር፤ ማስታወቂያ የሚያስተላልፈው ሌላው ጣቢያ፣ አይቲቪ፣ ባልነበረበት ሳምንት ቁጥሩ እንዲህ መሆኑ አያስደንቅም፣ ለማነጻጸሪያነት ግን አይጠቀሙበት።

ለጽሑፍዎ ያለኝ ምክር ክፍተቱን ከዙሪያው እንዲሞሉት ነው። የአንግሊያ ፊልሞች በምሥራቅ አንግሊያ የፊልም ማኅደር፣ የዌስትዋርድ በፕሊመዝ ዘ ቦክስ፣ የአልስተር ደግሞ በሰሜን አየርላንድ ስክሪን ዲጂታል ማኅደር ይገኛሉ፤ በእነዚህ ውስጥ ስርጭቱ ከመቆሙ በፊት የቀረበውን የመጨረሻ ዜናና ከተመለሰ በኋላ የቀረበውን የመጀመሪያ ዜና አጠገብ ለአጠገብ ቢያዩ ጣቢያው ያለፈውን እንዴት እንደቀጠለ ይገባዎታል። የባለሥልጣኑ፣ የአይቢኤ፣ ሰነዶች በቦርንመዝ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ከኩባንያዎቹ ጋር የነበረው ግንኙነት ያለው እዚያ ነው። ስለ ሠራተኞቹ ኑሮ የፊልምና የቴሌቪዥን ሠራተኞችን ቃለ መጠይቅ ያሰባሰበውን የብሪታንያ የመዝናኛ ታሪክ ፕሮጀክት ያዳምጡ። ራስዎ በሕይወት ያሉ የዚያ ዘመን ሠራተኞችን ካገኙ ደግሞ አስቀድመው የየትኛው ማኅበር አባል እንደነበሩ ይጠይቋቸው፤ በር ላይ የቆመው ኤሌክትሪሺያንና ባዶ የዜና ክፍል ውስጥ ስልክ ያነሣ የነበረው ሪፖርተር ስለ አንድ ቀን የሚነግሩዎት ታሪክ የተለያየ ነው፣ ሁለቱም ግን ያስፈልግዎታል።